ሐረጎን በሙሉ ጭነት የሚወጣው የቱ ነው?
የመኪና ጠያቂና መላሽ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። የሚጠይቁትም ስለ አንድ ዓይነት መኪና ነው፤ ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከላንድ ክሩዘር ዝቅ ስላለው፣ ደላላው «ጂፕ» ስለሚለው፣ ፋብሪካው ግን «ክሮስኦቨር» ብሎ ስለሸጠው መኪና። ክሮስኦቨር እግሩ የረዘመ አውቶሞቢል ነው። አካሉ ለብቻው በቆመ ሻንሲ ላይ አልተጫነም፣ ለጭቃና ለገደል የሚሆን ከባድ ማርሽም የለውም። ይህን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ብዙ አይሳሳትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የገዢው ምርጫ ሁለት ሆኗል፤ ወይ አገር ውስጥ ሲነዳ የቆየ የቤንዚን መኪና፣ ወይ ኤሌክትሪክ። ደብዳቤዎቹም በዚሁ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆሙ ናቸው።

*

«ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ጠዋት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ሐይቅ ወይም ኩታበር እሄዳለሁ። ሦስት መኪና ቀርቦልኛል፦ የ2016 እ.ኤ.አ. ሱዙኪ ቪታራ 1.6፣ የ2008 እ.ኤ.አ. ሂዩንዳይ ቱሳን 2.0፣ እና አዲስ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ። ወንድሞቼ ‹ቱሳኑን ያዝ፣ ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ሐረጎን ሳይሰማው ይወጣል› ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ከደሴ

ወንድሞችዎ ስለ ሞተሩ ትልቅነት የተናገሩት ወረቀት ላይ እውነት ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ግን አይሠራም። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየምቱ የሚስበው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ወደ 78 በመቶ ይወርዳል፤ ጉልበቱም አብሮት ይወርዳል። 140 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው ቱሳን ደሴ ላይ 109 ይቀረዋል። 117 የሆነው ቪታራ 91 ይቀረዋል። አሁን ክብደቱን ያስቡ፦ ቱሳኑ አምስት ሰውና ዕቃ ጭኖ 1,900 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ቪታራው 1,500። ጉልበቱን ለክብደቱ ሲያካፍሉት ለአንድ ቶን ቱሳኑ 57፣ ቪታራው 61 ይደርሰዋል። ዳገቱ ላይ ቪታራው እንደውም ይቀድማል፣ የሚጠጣው ቤንዚንም ያነሰ ነው።

ሌላው ልዩነት ሞተሩ ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ቱሳን 2.0 የቤንዚን ሞተር የሚዞረው በላስቲክ የታይሚንግ ቀበቶ ነው። በየ90,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመወጠሪያውና ከውሃ ፖምፓው ጋር አብሮ መቀየር አለበት። ቀበቶው ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ያገኟቸዋል፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለዎት መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ በደረሰኝ ያሳይዎት። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ዋጋውን ከሒሳቡ ይቀንሱ። የቪታራው ሞተር የሚዞረው በሰንሰለት ነው፤ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረ ዕድሜው ረጅም ነው። ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ለጥቂት ሴኮንድ ከቆየ ግን ሰንሰለቱ ላልቷል። አውቶማቲክ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰው በሞተር መያዝ ይችላሉ። ከመሬት ያለው ከፍታ 185 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለኩታበርና ለሐይቅ ይበቃዎታል።

ከሁለቱ የቤንዚን መኪኖች ቪታራው ይሻላል ማለት ነው። የቀረው ኤሌክትሪክ ከሆነው ዩዋን ፕላስ ጋር ማወዳደር ነው፤ እዚህ ላይ ሒሳቡን በዝርዝር እንስራ፣ ምክንያቱም የእርስዎ መንገድ ለኤሌክትሪክ መኪና እንደ ታዘዘ ነው።

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የከፍታው ልዩነት 650 ሜትር ገደማ። ሰው የጫነ ዩዋን ፕላስ 2 ቶን ቢመዝን ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ጨምረው 4 ይበሉት። ጠዋት ሲወርዱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ለባትሪው ይመልሳል። ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትሩን ጨምሮ የቀን ፍጆታዎ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አነስተኛው ባትሪ 49.92 ኪሎዋት ሰዓት፣ ትልቁ 60.48 ይይዛል፤ ለእርስዎ ሥራ አነስተኛው ይተርፋል። በቤትዎ ሶኬት 220 ቮልት፣ 10 አምፔር ቢሞሉ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይገባል። የቀኑን ፍጆታ ለመመለስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል፤ ሌሊት መብራት ለሁለት ሰዓት ቢጠፋም ጠዋት ላይ አይቸገሩም።

ይህን ሲያደርጉ ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቁ።

የመጀመሪያው ገመዱ ነው። የመኪና ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይጎትታል። ምጣድ ይሞቅና ይጠፋል፣ ይህ ግን አይጠፋም። የግድግዳው ሽቦ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መቅጠን የለበትም፣ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የመጣ፣ የራሱ ማቋረጫ ያለው መሆን አለበት። ማራዘሚያ አይጠቀሙ። አንድ ሰዓት ከሞላ በኋላ ሶኬቱን በእጅዎ ይንኩት፤ ካቃጠለዎት ያቁሙና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ብዙ ቤቶች ውስጥ የመሬት ሽቦ ወይም አርዝ በትክክል አልተዘረጋም፤ ቻርጀሩ ይህን ሲያገኝ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ሰው «ቻርጀሩ ተበላሸ» ብሎ ይቀይረዋል፤ ጥፋቱ የቤቱ ነው። በባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር መሙላት ከፈለጉ 32 አምፔር የሚችል መስመርና 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሰው የማያስበው ነው። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከደሴ ከተነሱ ቁልቁለቱ የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ይተዋል፤ 2 ቶን ብረት ሐረጎን የሚወርደው በፍሬን ሸራ ብቻ ይሆናል። ሌላ ቀን እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሱ መኪናው ይይዝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ይለቅዎታል፣ እግርዎም ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ስለዚህ ማታ ሲሞሉ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርገው ይተኙ። የዚህ መኪና ባትሪ የብረትና የፎስፌት ዓይነት ስለሆነ ልኬቱን እንዲያስተካክል በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መሙላት አለበት። ያንን ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሌሊት ያድርጉት፤ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ በማይወርዱበት ቀን።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ሲሄዱ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ዳገት ብቻውን 10 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ የአነስተኛው ባትሪ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 430 ኪሎ ሜትር የቻይና የላቦራቶሪ መለኪያ ነው። በእኛ መንገድ ከ70 እስከ 75 በመቶውን፣ ማለትም 300 እና 320 አካባቢ ይጠብቁ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ መሙላት የግድ ነው። የሚሞሉበት ቦታ መሥራቱን ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ለዚያ ሲሉ የቀን ተቀን ጥቅሙን አይተዉት። በየሁለት ሳምንቱ የሚሄዱ ከሆነ ግን ቪታራውን ይግዙ።

*

«የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከአቀስታ ተነስቼ ወደ ለጋምቦ ቀበሌዎች እወጣለሁ፤ ክረምት ላይ መንገዱ መረሬ ነው። ሁልጊዜ የክትባት ሳጥን እይዛለሁ። ቶዮታ ራሽ፣ አሮጌ ራቭ ፎር፣ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ አይቻለሁ። ራሹ ከሁሉም ከፍ ብሎ ስለታየኝ ልቤ ወደሱ ነው። ትክክል ነኝ?»
ከአቀስታ

ከፍታውን በትክክል አይተዋል፤ ራሽ 220 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሦስቱ የሚበልጠው የለም። ነገር ግን የሚገፋው በኋላ እግሩ ብቻ ነው። ሰባት ሰው የሚይዘው ይህ መኪና ከኋላ ባዶውን ሲሆን መረሬ ላይ የኋላ ጎማው የሚጫነው ክብደት ያጣል፤ እየተሽከረከረ ራሱን ይቀብራል። ከፍታ ድንጋይ ያሳልፋል፣ ጭቃ ግን አያሳልፍም።

ራቭ ፎርና ቴሪዮስ አራቱንም እግር የሚያንቀሳቅሱ ተብለው ይሸጣሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በሁለት እግር ብቻ የሚሄድ ራቭ ፎር ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ከውጭ ሲያዩት ልዩነት የለውም። ከኋላ ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ፦ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የብረት ዲፈረንሻል ካለ፣ ከፊት ወደሱ የሚመጣ ረጅም የሚዞር ዘንግም ካለ እውነተኛ ነው። ከሌለ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አይመኑት። አንዳንድ መኪና ደግሞ ዲፈረንሻሉ እያለ ዘንጉ «ይጮሃል» ተብሎ ተፈትቶ ተጥሏል።

ከሁለቱ እኛ ለእርስዎ ቴሪዮስን እንመርጣለን። አራት እግር የሆነው ቴሪዮስ የመሀል ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ቁልፍ አለው፤ ጭቃ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ተጭነውት ይገባሉ፣ ጠንካራ መሬት ላይ ሲወጡ ያጠፉታል። አስፋልት ላይ ተቆልፎ ከተነዳ ጎማዎቹ በኩርባ ይታገላሉ፤ ጥርሶቹም ይሰበራሉ። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ የጉጉፍቱን ዳገት ሲወጡ ቀስ ይላል፤ ይህንን ይታገሱት።

ከነዚህም በላይ የሚሆንዎ ሌላ መኪና አለ፤ እርስዎ ግን አልጠቀሱትም፤ ሱዙኪ ጂምኒ። ክሮስኦቨር አይደለም፤ ሻንሲ አለው፣ ከባድ ማርሽ አለው፣ ከፍታው 210 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀላል ስለሆነም መረሬ ቶሎ አይውጠውም። የሚይዘው አራት ሰው ነው፤ የኋላ ወንበሩን ካላጠፉት ዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ነው። የክትባት ሳጥንና አንድ ረዳት ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ችግር አይሆንም። ቤተሰብ ይዞ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ግን ያደክማል።

የትኛውንም ቢገዙ ገንዘቡን በሙሉ ለመኪናው አይስጡ። ለጎማ ይተዉ። መረሬ ላይ የሚያልፈው ጥርሱ ሰፋ ብሎ የተራራቀ ጎማ ነው፤ የአስፋልት ጎማ በአሥር ሜትር ውስጥ በጭቃ ይሞላና እንደ በርሜል ለስላሳ ይሆናል። አራቱም እኩል መጠን፣ እኩል ያለቁ ይሁኑ። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ አሮጌ ከሆኑና የጥርሳቸው ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ አራት እግር መኪና ውስጥ መጋጠሚያው ሳያቋርጥ ይሞቃል። ወደ ጭቃው ሲገቡ ነፋሱን ከ32 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ያውርዱ፤ ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን ይይዛል። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ፓምፕ ይኑር፤ አስፋልት ላይ በ20 ከተሄደ ጎማው ከጎኑ ይቀደዳል። አካፋ፣ መጎተቻ ገመድና ሁለት ክንድ የሚሆን ሳንቃም ይያዙ። ሳንቃው ለክሪኩ ነው፤ መረሬ ላይ ያለ ሳንቃ የተተከለ ክሪክ መኪናውን ሳያነሳ ራሱ ይሰምጣል።

ከጭቃ ሲወጡ ራዲያተሩን ይዩት። በክንፎቹ መካከል የደረቀ መረሬ አየር አያሳልፍም፤ በሚቀጥለው ዳገት ሞተሩ ይፈላል። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ኃይሉ በበረደ ውሃ ይታጠባል።

*

«ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ወልድያ የምኖር ነጋዴ ነኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ ጭኜ መርሳም ጋሸናም እሄዳለሁ። ልጄ አዲስ አበባ ሆኖ ኒሳን ኤክስ ትሬይል አገኘሁልሽ ይለኛል፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ ‹ማርሽ የለውም፣ ዳገት ላይ ይተውሻል› አሉኝ። ማርሽ የሌለው መኪና እንዴት ይሄዳል?»
ከወልድያ

እናታችን፣ ጎረቤቶችዎ የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም። ከ2007 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠሩት አብዛኞቹ አውቶማቲክ ኤክስ ትሬይሎች የጥርስ ማርሽ የላቸውም። ሁለት ሾጣጣ መዘውሮች አሉ፤ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይሄዳል። መዘውሮቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ማርሹ ሳይታወቅ ይቀየራል። አነዳዱ ለስላሳ ነው። ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ከወልድያ በድልብ ወደ ጋሸና የሚወጣው ዳገት ደግሞ ጨርቅ ለጫነ መኪና የሙቀት መፈተኛ ነው። ዘይቱ ሲግል መኪናው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ነዳጅ ቢረግጡም እያቃሰተ ይጎተታል።

ልጅዎን እንዲህ ይበሉት። አንደኛ፣ የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅ። ለእርስዎ ዓይነት መንገድ በየ40,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ዘይቱ የራሱ ዓይነት ነው፤ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ላሉት ኤን ኤስ 2፣ ከዚያ በኋላ ላለው ቅርፅ ኤን ኤስ 3። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ተሞልቶበት ከሆነ ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፤ እንዲህ ያለውን መኪና አይግዛው። ሁለተኛ፣ መኪናው ከሞቀ በኋላ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ በቀስታ ይንዳው። እንደ ኮረኮንች የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም ሲፈጥን እንደ ፉጨት ከጮኸ ይተወው።

ሁለቱንም ካለፈ መኪናው መጥፎ አይደለም። ዳገት ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራ ዳር ይዘው ያቁሙ፣ ማርሹን በፒ ላይ ያድርጉ፣ ሞተሩን ግን አያጥፉ። ሞተሩ እየሠራ ሲቆይ ዘይቱ እየዞረ ይበርዳል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከተጠፋ ግን ሙቀቱ እዚያው ይቀመጣል።

*

«ሐይቅ መምህር ነኝ፣ ቁጠባዬን ለአንድ የቤንዚን መኪና አድርጌያለሁ። መኪናው የቆመው ደሴ ነው። መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ግን እኔ ራሴ ምን ልይ? ወረቀቱስ?»
ከሐይቅ

መካኒክ መያዝዎ መልካም ነው፤ ከሻጩና ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ ይሁን። ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉትና ሻጩን «መኪናውን አታስነሳው፣ እኛ ስንደርስ ነው የምናስነሳው» ይበሉት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት አስቸጋሪ አነሳሱ ተደብቆብዎታል፤ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ይህችን ትንሽ ክዳን አይናቋት። ደሴ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተሩ ደግሞ በተለመደው ሥራው ከ90 ዲግሪ ያልፋል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ደህና ክዳን የመፍያ ነጥቡን ከ115 በላይ ያወጣዋል። ጎሚኒው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና አዋሽ ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ሐረጎ ላይ ይፈላል፤ ባለቤቱም ቴስታታው ነው ብሎ ያስወርዳል። በክዳኑ ሥር ያለው ውሃ ቀለም ያለው ኩላንት መሆን አለበት። የዝገት ቡኒ ከሆነ ለዓመታት ተራ ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል። ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን ያስነሱና ለሁለት ደቂቃ ይመልከቱ፤ ውሃው ላይ አረፋ ሳያቋርጥ የሚፈነዳ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበልቷል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ ቅባት ቢያዩ ወዲያው አይደንግጡ፤ ደሴ ብርድ ስለሆነች አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና እርጥበት ያጠራቅማል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ከዚያ አራት ሰው ሆናችሁ ተሳፈሩና ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። አራት መሆናችሁ ለጨዋታ ሳይሆን ለክብደት ነው። ቁልቁለቱ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ያዙት፤ በየኩርባው ፍሬን ሲይዙ መሪው ቢንቀጠቀጥ ዲስኩ ተጣሟል። ፔዳሉ እየዋለ እየዋለ ከለሰለሰ የፍሬን ዘይቱ ውሃ ስቦ እየፈላ ነው። አዲስ ዶት 4 ዘይት ከ230 ዲግሪ በፊት አይፈላም፤ ዓመታት የቆየው ግን በ155 ይፈላል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ረጅሙ ቁልቁለት ሲያልቅ ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ከኋላ መስታወት ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል፤ ይህ በመጠነኛ ወጪ ይጠገናል። ጭሱ ዳገቱን ሁሉ ከተከተለዎት ግን ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፤ ሞተሩ ይወርዳል።

ኮምቦልቻ ላይ ዞራችሁ ስትመለሱ ዓይንዎን ከሙቀት መለኪያው አይንቀሉ። ከመካከል ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ መልሱን አግኝተዋል። ደሴ ውስጥ ሜዳ ላይ ዞሮ «ምንም የለበትም» የተባለ መኪና ስንቱን ገዢ አሳዝኗል፤ ሻጩ የሐረጎውን ፈተና እምቢ ካለዎት ለዚያ ብቻ ይተዉት።

ኪሎ ሜትሩን ለማመን ቁጥሩን ሳይሆን የፍሬን ፔዳሉን ጎማ ይዩ። 70,000 ብቻ የሄደ መኪና ፔዳሉ ልሙጥ፣ የመሪው ቆዳ አንጸባራቂ አይሆንም። የተሠራበትን ዓመት ለማጣራት የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ይሳቡት፤ ሥሩ ላይ የተሰፋው ጨርቅ ቀበቶው የተሠራበትን ቀን ይይዛል። ከሊብሬው ዓመት ጋር በጣም ከራቀ ይጠይቁ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞችም ይናገራሉ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ደህና ቢሆንም እንኳ ከስድስት ዓመት ያለፈውን የሚቀየር አድርገው ይቁጠሩት።

ወረቀቱን በሚመለከት፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ። ፊደሎቹ የተፋቁ ወይም አዲስ የተመቱ ከመሰለዎት ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ እርስዎ አይዞርም፤ «በውክልና ንዳው» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ውሉ በሚመለከተው አካል ፊት ሲፈረም ነው።

*

«ባቲ ነው የምኖረው፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። አንድ ነጋዴ ቮልስዋገን አይዲ 4 ኤሌክትሪክ ሊሸጥልኝ ነው። ባትሪውን ሙቀት አይገድለውም ወይ? ጎማውም ሰፊ ነው፣ ያምራል።»
ከባቲ

ስለ ባትሪው፦ የአይዲ 4 ባትሪ ከዩዋን ፕላሱ የተለየ፣ የኒኬል ዓይነት ነው። ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ፈሳሽ ስላለው ሲነዳ ሙቀቱ አያሰጋዎትም። የሚጎዳው ሙሉ ሆኖ ሙቀት ላይ መቆም ነው። በየቀኑ 80 በመቶ ላይ ያቁሙት፤ መቶ የሚሞሉት ረጅም መንገድ ሊነሱ ሲሉ ብቻ ይሁን። ጥላ ሥር ያቁሙት፤ ሚሌ ደርሰው እንደገቡም ወዲያው አይሰኩት፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ከመግዛትዎ በፊት መሙያ ቀዳዳውን ይክፈቱና ይዩ። እዚህ የሚሸጠው አብዛኛው አይዲ 4 ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳው የቻይናው ጂቢ ቲ ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 አይገባበትም። መንገድዎ ላይ ያለው ቻርጀር የቱ እንደሆነ ሳያውቁ አይፈርሙ። የስክሪኑን ቋንቋም ያስቀይሩ፤ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍልዎ በማያነቡት ፊደል ከሆነ አይጠቅምዎትም።

ስለ ጎማው ግን አንስማማም። የሚያምረው ጎኑ አጭር የሆነ ጎማና ትልቅ ቸርኬ ባቲ አካባቢ ያስከፍልዎታል። 235/50 ጎማ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው ላስቲክ 118 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 215/65 የሆነው 140 ነው። ያች 22 ሚሊ ሜትር ልዩነት ድንጋይ ሲመታዎት ላስቲኩ ይታጠፍ ወይስ ቸርኬው ይሰበር የምትወስን ናት። ሻጩ ትንሹን ቸርኬ ካለው ለውጠው ይውሰዱ። ከሌለው ደግሞ የዚያ መጠን ጎማ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ጎሚስታ ዘንድ መኖሩን ጠይቀው፣ አንዱን ለስኮርታ ገዝተው ይያዙ፤ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ከፋብሪካ ስኮርታ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት።